የወረቀት ብክነት በመሥሪያ ቤቶች፤ መነሻውና ሸክሙ

ማንኛውም ነገር ቆሻሻ ተብሎ ከመጣሉ በፊት በአንድ የሥራ ሂደት ውስጥ ያለፈ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ስለ ቆሻሻ በሚደረግ ውይይት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት እንጣለው?» ሳይሆን «ከየት መጣ?» የሚለው ሊሆን ይገባዋል። ይህን ጥያቄ በቅድሚያ ያላነሣ ኅብረተሰብ ችግሩን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም።

ይህን አጠቃላይ እውነት በአንድ ትንሽ በሚመስል ነገር፣ ይኸውም በመሥሪያ ቤቶቻችን በሚባክነው ወረቀት ላይ ልንፈትሸው ወደናል። «በአገር ላይ ስንት ጉዳይ ሳለ ስለ ወረቀት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ወረቀት የመሥሪያ ቤት አሠራር መስተዋት ነው። ማን ለምን ሥራ ኃላፊ እንደ ሆነ፣ ማን ማንን እንደማያምን፣ የአንዱ ቸልተኝነት በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ከወረቀቱ ጉዞ ይነበባል።

ውኃ የሰጠ፣ ቆሻሻ የተቀበለ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ከከተማው ሳይርቅ ለገጣፎን ያገኛል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ማለት ሲሆን፣ ለገጣፎም ሆነች ጎረቤቷ ለገዳዲ ስማቸውን ያገኙት ከውኃ ነው። የለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዋና ከተማይቱን ውኃ ሲያጠጣ ኖሯል። ለገጣፎ ለገዳዲም እንደ ሰበታ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልላለች።

በዚሁ መንገድ ከለገጣፎ አልፎ በሰንዳፋ አካባቢ የአዲስ አበባን ደረቅ ቆሻሻ የሚቀበል ዘመናዊ ማስወገጃ በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዓላማው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረውን ረጲን፣ በሕዝቡ አጠራር ቆሼን፣ ለመተካት ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ወራት ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውን፣ ከክምሩ የሚወጣውን ፍሳሽና በከብቶቻቸው ላይ ደረሰ ያሉትን ጉዳት በመጥቀስ ተቃውሞ አነሡ። በዚያው ዓመት ክረምት የቆሻሻ መኪናዎቹ ጉዞ ተቋረጠ። ከየቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ የወጣው ቆሻሻም በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ተቆልሎ ዝናብ ይመታው ጀመር። መፍትሔ ተብሎ የተወሰደው ወደ ቆሼ መመለስ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

እነዚህን ሁለት ዓመታት ደጋግመን ልናስታውሳቸው የሚገባን ለሐዘን ብቻ አይደለም። በውስጣቸው አንድ ግልጽ ተቃርኖ ስላለ ነው። ንጹሕ ውኃ ከዳር ወደ መሐል ይሄዳል፤ ቆሻሻ ከመሐል ወደ ዳር ይወጣል። ቆሻሻውን የሚፈጥረው ክፍል ሸክሙን አያየውም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ክፍል ደግሞ በቆሻሻው አፈጣጠር ላይ አንዳች ድምፅ የለውም። የሰንዳፋ ገበሬ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ፎቶ ኮፒ አላስነሣም፤ ግን የደብዳቤው ፍርፋሪ በማሳው አጠገብ ደረሰ።

እዚህ ላይ በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ከከተማው ቆሻሻ ውስጥ ትልቁ እጅ የምግብ ትርፍራፊና ሌላ የሚበሰብስ ነገር ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። ታዲያ ስለምን ከወረቀት እንጀምራለን ቢባል፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በቀላሉ ሊቀር የሚችለው እርሱ በመሆኑ ነው። የመሥሪያ ቤት ወረቀት የሚመነጭበት ስፍራ ይታወቃል። በሚመነጭበት ጊዜ ንጹሕና ደረቅ ነው። የሚያመነጨውም ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ፣ መመሪያ የሚያወጣና መመሪያ የሚቀበል የኅብረተሰብ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የራሱን ጠረጴዛ ሥርዓት ማስያዝ ካቃተው፣ የጉልት ቸርቻሪዋን የሽንኩርት ልጣጭ ለይታ እንድትጥል የማስተማር መብቱ ከየት ይመጣል?

ብክነቱ ከቅርጫቱ በፊት ይጀምራል

ብዙዎች የወረቀት ብክነት የሚመስላቸው ተጨማድዶ ቅርጫት ውስጥ የተጣለው ሉክ ነው። ዋናው ብክነት ግን የተጣለው ሳይሆን በክብር ተመዝግቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በማኅደር ታስሮ የሚቀመጠው ነው።

የአንዲት ተራ ደብዳቤን ጉዞ እንከተል። ባለጉዳዩ ማመልከቻ ያስገባል። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ይሰጣል። ኃላፊው ይመራዋል፤ ሠራተኛው ያረቅቃል፤ ረቂቁ ይታተማል፤ አንዲት ፊደል ስትታረም እንደገና ይታተማል። ሲፈረም ደግሞ ከግርጌው «ግልባጭ» የሚል ቃል ይወርድና የአራት ወይም የአምስት ክፍሎች ስም ይደረደራል። ግልባጩ ከደረሳቸው ክፍሎች ውስጥ በጉዳዩ ላይ አንዳች የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንዱ ነው። የቀሩት «እንዲያውቁት» ነው፤ አውቀውም ወደ ፋይል ይመልሱታል። አንድ እሽግ እስክሪብቶ ከንብረት ክፍል ለማውጣትም ቢሆን ሞዴል 20 ተሞልቶ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ እያንዳንዱም ከቅጂው ጋር ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። አንድ መሥሪያ ቤት በቀን 20 ደብዳቤ ያወጣል፣ እያንዳንዱም ባለ አንድ ገጽ ሆኖ ዋናውን ጨምሮ በአምስት ቅጂ ይሠራል ብንል፣ በቀን 100 ቅጠል ይሆናል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንይዝ 25,000 ቅጠል፣ ማለትም 50 ደስጣ ወረቀት ነው። አንድ ደስጣ የተለመደው ባለ 80 ግራም ወረቀት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን፣ ከደብዳቤ ብቻ 125 ኪሎ ወረቀት መጣ ማለት ነው። ቅጂው ወደ ሁለት ቢወርድ ግን 20 ደስጣ በበቃ ነበር። ሠላሳው ደስጣ የሥራ ወጪ አይደለም፤ የልማድ ግብር ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከስንፍና ብቻ አይደለም። በአመዛኙ የሚመነጨው ኃላፊነትን ከመፍራት ነው። ሠራተኛው ግልባጭ የሚያበዛው ነገ ጥያቄ ቢነሣ «አሳውቄአለሁ» ለማለት ነው። ኃላፊው አምስት ፊርማ የሚጠይቀው ጥፋት ቢገኝ በአምስት እንዲከፈል ነው። በዚህ ዓይነት ወረቀቱ መረጃ ማስተላለፊያ መሆኑ ቀርቶ ጋሻ ይሆናል። ጋሻ ደግሞ አይጣልም፤ ይከማቻል። በየመተላለፊያው የተቆለለው ቦክስ ፋይል፣ በየመጋዘኑ አቧራ የለበሰው ማኅደር የእርስ በርስ አለመተማመናችን ክምችት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ አሠራር ዋጋ በመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ላይ ብቻ አይወድቅም። በለገጣፎም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ባለበት አካባቢ ሁሉ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ተሰልፎ ይገኛል። እነዚህ ሱቆች የሚኖሩት ባለጉዳዩ ትናንት ያስገባውን የመታወቂያ ቅጂ ዛሬ ለሌላ መስኮት እንደገና ስለሚጠየቅ ነው። አንዱ ክፍል ከሌላው ክፍል መረጃ ለመቀበል ባለመቻሉ፣ የቀን ሠራተኛው ከዕለት ገቢው ቆርሶ የቢሮክራሲውን ወረቀት ይገዛል።

መኪናው ተለወጠ፤ ልማዱ አልተለወጠም

«ኮምፒዩተር ሲገባ ወረቀት ይቀራል» ተብሎ ነበር። በተጨባጭ የታየው ግን የተለየ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን አንዲት ስሕተት ገጹን ሁሉ እንደገና ማስመታትን ስለሚጠይቅ፣ አርቃቂው አስቦ ይጽፍ ነበር። ፕሪንተር ሲመጣ ማተም ቀለለ፤ ማተም ሲቀል ማሰብ ቀነሰ። በኢሜይል የደረሰ ደብዳቤ ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ሲመለስ፣ ተቀባዩም አትሞ ሲያስቀምጠው በየዕለቱ እናያለን።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ መሄዱን ልብ ማለት ይገባል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂም በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። በ2017 ዓ.ም. የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ስፍራ የሚሰጠው «መሶብ» ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ መዝገብ ቤቱ «ማኅተም የሌለበት አንቀበልም» የሚለው ሕግ ስለጎደለ ሳይሆን፣ በሕጉ ለመሥራት ድፍረቱ ስለጎደለ ነው። አዲስ መሣሪያ አሮጌ አሠራርን በራሱ አይለውጥም፤ አሠራሩ ካልተለወጠ መሣሪያው የአሮጌው አሠራር አገልጋይ ይሆናል።

አሮጌ ወረቀት ጥሬ ዕቃ ነው

የቱንም ያህል ቢቀንስ ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ወረቀት መኖሩ አይቀርም። የመልሶ መጠቀም ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በውጭ አገር ተማሪዎች በነበርንበት ወቅት በንባብ ክፍሉ በር ላይ ሁለት ሣጥን ማየታችን አዲስ ነገር መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ለአንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ፍቆና አለስልሶ ብራና ያበጅ የነበረ ጸሐፊ ቁራጭ እንዴት እንደሚከበር ያውቅ ነበር። በየሠፈሩ እየተጣራ የሚዞረው ቁራሌና የመርካቶው ምናለሽ ተራም ከማናቸውም መመሪያ በፊት «የሚጣል ነገር የለም» የሚለውን ትምህርት በሥራ አስተምረዋል።

በሳይንሱ በኩል እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1774 በጀርመን የጐቲንገን ከተማ የሕግ ሊቅ ዩስቱስ ክላፕሮት፣ ከታተመ ወረቀት ቀለሙን አጥቦ አዲስ ወረቀት ስለ መሥራት ጽፎ ነበር። በወረቀት መሐል የሚኖር የሕግ ሰው ይህን ማሰቡ የሚያስገርም አይደለም። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። አሮጌው ወረቀት በውኃ ተበጥብጦ ወደ ቃጫነት ይመለሳል፤ የስፌት ሽቦና ሌላ ባዕድ ነገር ይለያል፤ ቀለሙ ይታጠባል፤ ከዚያም ተዘርግቶ ይደርቃል። ቃጫው በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ አንድ ቃጫ ለአምስት ወይም ለሰባት ዙር ያህል ብቻ ያገለግላል። ነጩ የቢሮ ወረቀት ረጅምና ንጹሕ ቃጫ ስላለው ከአሮጌ ወረቀት ሁሉ ተፈላጊው ነው። ከዙር ዙር ወርዶ ሶፍት፣ ካርቶን፣ በመጨረሻም የእንቁላል መያዣ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን የወንጂው የወረቀት ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ከውጭ በሚገባ ፐልፕና ከአገር ውስጥ በሚሰበሰብ አሮጌ ወረቀት ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ በሰበታና በሱሉልታ የሚገኙት የአበባ እርሻዎች ምርታቸውን ወደ ውጭ የሚልኩት በካርቶን ነው። በካርቶን ሁለት ገጾች መካከል የሚገባው ሞገዳማው ሽፋን በብዙ አገር የሚሠራው ከአሮጌ ወረቀት ነው። ስለዚህ በአንዲት ከተማ ጽሕፈት ቤት የሚጣለው ወረቀት፣ በጎረቤት ከተማ ለሚፈለገው ዕቃ ጥሬ ዕቃ የመሆን ዕድል አለው። ይህን ዕድል የሚያጠፋው አንድ ነገር ነው፤ መቀላቀል። ወረቀት ከሻይ ቅሪት፣ ከሙዝ ልጣጭና ከዝናብ ጋር በተገናኘ በሰዓታት ውስጥ ከጥሬ ዕቃነት ወደ ቆሻሻነት ይለወጣል።

ከሌላው ዓለም የምናገኘውም ትምህርት ይኸው ነው። የበለጸጉት አገሮች ለብዙ ዓመታት በቅጡ ያልለዩትን አሮጌ ወረቀት በመርከብ ጭነው ወደ ቻይና ይልኩ ነበር። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2018 ቻይና ያልተለየ ወረቀት አልቀበልም ስትል፣ በየወደባቸውና በየመጋዘናቸው ተቆለለባቸው። «መልሰን እንጠቀማለን» ይሉት የነበረው ሥራ በከፊል ቆሻሻን ወደ ሌላው ደጅ መግፋት እንደ ነበር ያን ጊዜ ታየ። የሰንዳፋው ገበሬ በ2008 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ የሰጠው መልስ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በረጲ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ መመረቁ ይታወቃል። ቆሻሻን አቃጥሎ ኃይል ማግኘት ከመከመር ይሻላል። ሆኖም ሌላ ጊዜ ወረቀት ሊሆን የሚችል ቃጫ ወደ እቶን ሲገባ የሚገኘው የአንድ ጊዜ ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ማቃጠል የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም።

ለሚነሡት ጥያቄዎች

አንዳንድ ኃላፊዎች «ሰነድ መጣል ያስጠይቃል» ይላሉ። እውነት አላቸው። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 መዛግብት በዘፈቀደ እንዳይወገዱ ይጠብቃል፤ መጠበቁም ተገቢ ነው። የአገር ታሪክ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ እንዲቀር የሚሻ የለም። ነገር ግን ይህ ክርክር በጥልቀት ሲታይ ለእኛ እንጂ በእኛ ላይ አይቆምም። የአንድ ደብዳቤ አምስተኛ ግልባጭ መዝገብ አይደለም። እንዲያውም ትርፍ ቅጂው ሲበዛ ዋናው ሰነድ በመሐሉ ጠፍቶ አብሮ ይጣላል። የሚጠበቀውን ከሚወገደው መለየት መዛግብትንም ወረቀትንም ያድናል። ምሥጢር የያዘው ይቆራረጥ፤ ሆኖም መቁረጥ ቃጫውን ስለሚያሳጥርና ዋጋውን ስለሚቀንስ ሁሉ ነገር አይቆራረጥ።

ሌሎች ደግሞ «ኢትዮጵያ ገና ወረቀት ያልጠገበች አገር ናት፤ ቁጠባ ለጠገበ ነው» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የጠነከረው ጥያቄ ነው። በእርግጥም ሕዝባችን በነፍስ ወከፍ የሚጠቀመው ወረቀት እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ችግራችን የማነስ ብቻ ሳይሆን የአከፋፈል ጭምር ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር በብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪዎች ሲዳረስ፣ መጽሐፉም ጨርሶ ያልደረሰባቸው ክፍሎች ሲኖሩ አይተናል። የኅትመት ዋጋና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ከምክንያቶቹ መካከል ይነሡ ነበር። ለሠላሳው ትርፍ ደስጣ የወጣው ምንዛሪና መጽሐፉን ለማሳተም ያነሰው ምንዛሪ ከአንድ ቋት የሚቀዳ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። የወረቀት ቁጠባ ባለጉዳዩን መልስ የመከልከያ ሰበብ መሆን የለበትም። ዜጋው ለማመልከቻው የጽሑፍ መልስ፣ ለከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ የማግኘት መብት አለው። የሚቀነሰው ቢሮ ለቢሮ የሚጻጻፈው ወረቀት እንጂ ሕዝቡ መብቱን የሚያስከብርበት ወረቀት አይደለም።

ምን ይሠራ?

ከዚህ ትንተና የሚከተሉት ተግባራት ይመነጫሉ ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ፣ ግልባጭ በፈቃድ ይሁን። ደብዳቤ አርቃቂው ከግርጌ ለሚጽፈው ለእያንዳንዱ ስም «ይህ ክፍል በጉዳዩ ምን ይሠራበታል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ከሌለው ስሙ ይሰረዝ። ለማወቅ ብቻ የሚላከው በኮምፒዩተር ይላክ።

ሁለተኛ፣ ረቂቅ በወረቀት ጀርባ ይታተም፤ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ ሰነድ በሁለት ፊት ይታተም። ከተሞች ሲዋሃዱ፣ መሥሪያ ቤቶች ሲታጠፉና ስማቸው ሲለወጥ አሮጌ ስም የተጻፈበት ባለ ራስጌ ወረቀት ይቀራል። ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ይህን መሰል ወረቀት በመጋዘን ከማሻገት ይልቅ ለረቂቅና ለማስታወሻ ቢያውሉት ምንም የሚያጡት ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ በየጠረጴዛው ሥር ያለው ቅርጫት ወደ ሁለት ይለይ። በአንዱ ንጹሕና ደረቅ ወረቀት ብቻ ይግባ። ካርቦን፣ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት፣ ምግብ የነካውና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ደረሰኝ ወደዚህ አይገቡም፤ የመጨረሻው በኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ቃጫውን ያበላሻል።

አራተኛ፣ የተሰበሰበው ወረቀት ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወሰን። በየከተማው ቆሻሻ በመሰብሰብ የሚተዳደሩ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት አሉ። ንጹሑ ወረቀት በታወቀ ቀን፣ በሚዛን፣ በውል ቢሰጣቸው ለእነርሱ ገቢ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የጸዳ መጋዘን ይሆናል። ውል ከሌለ ሁለቱም ቅርጫት ማታ በአንድ ማዳበሪያ ተገልብጦ ይወጣል፤ ሠራተኛውም ይህን አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ዳግመኛ አይለይም።

አምስተኛ፣ የወረቀት ፍጆታ በየክፍሉ ይታወቅ። ንብረት ክፍል ያለው የሞዴል 22 ጥራዝ ለዚህ በቂ መረጃ ነው። በየሩብ ዓመቱ የየክፍሉ ደስጣ ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ አንድ ሉክ ወረቀት ብቻ ይበቃዋል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ሰንዳፋም ቆሼም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አዋጅ አስፈላጊ ቢሆንም፣ በጠረጴዛ ላይ ያለው ልማድ እስካልተለወጠ ድረስ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለማጠቃለል፣ የወረቀት ብክነትን መታገል የቅርጫት ጉዳይ ሳይሆን የኃላፊነት ጉዳይ ነው። በአንድ ፊርማ የሚያልቀውን ሥራ በአንድ ፊርማ የሚጨርስ፣ ለፈረመውም የሚጠየቅ ሠራተኛ ባለበት ወረቀት በራሱ ይቀንሳል። የቀረውን ለይቶ የሚያስረክብ ሠራተኛ ባለበት ደግሞ ቆሻሻ ጭኖ በለገጣፎ የሚያልፍ መኪና አስፈላጊነቱ ይቀንሳል። ከለገዳዲ የመጣውን ውኃ በየማለዳው በቢሮው የሚጠጣ ሁሉ፣ የሥራው ትርፍራፊ በማን ደጅ እንደሚያድር የመጠየቅ ግዴታ አለበት።